ዜማውን ታውቁታላችሁ፤ ሰውየውንስ?

ስሙኝማ፣ የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ሰዎች! «ተረት ተረት» ብዬ «የላም በረት» አላስብላችሁም፤ የማወራው ተረት አይደለምና። ሰውየው አለ፣ ሥራው አለ፣ የተሠራበትም ቤት አለ። ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ፤ ግማሹ ነገር ባሕር ማዶ ስለሆነ እንዳይምታታብን።

ከአየር ጤና ወደ ሰበታ፣ ከአስኮ ወደ ቡራዩ፣ ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ ስትሳፈሩ ሾፌሩ ሬዲዮ ይከፍታል። ዜና ሊጀምር ሲል፣ ወይ ማስታወቂያው አልቆ እንግዳው እስኪቀርብ፣ ዘፋኝ የሌለው ዜማ ይለቀቃል። ኦርጋን ነው። ከሥሩ ቤዝ ጊታር አንድ ነገር እየደጋገመ ይረግጣል። ራሳችሁ ሳታዙት መነቅነቅ ይጀምራል። ወዲያው ጋዜጠኛው ይገባና ዜማው እዚያው ይቆረጣል። «ማን ነው የተጫወተው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ጠያቂ ከሌለ ደግሞ የሚናገርም የለም። ዘፋኝ ቢሆን ኖሮ ስሙን የሰፈር ሕፃን ያውቀው ነበር። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ ዛሬ የተነሣሁትም ለዚሁ ነው።

ከነዚያ ዜማዎች የብዙዎቹ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ ይባላል።

ኃይሉ በ1946 ደብረ ብርሃን ተወለደ። ማለዳ ሱሉልታ ሜዳ ላይ የቆመ ሰው የደብረ ብርሃንን ብርድ ለመገመት አይቸገርም። አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው አዲስ አበባ መጣ፤ ገና በልጅነቱም የጦር ሠራዊቱን ሙዚቃ ክፍል ተቀላቀለ። ኖታ ማንበብና መጻፍ የለመደው እዚያ ነው። አኮርዲዮንን ግን አስተማሪ ሳይኖረው፣ በ14 ዓመቱ፣ ራሱ ነው የተማረው።

እዚህች አኮርዲዮን ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ የነገሩ ቁልፍ እዚህ ያለ ይመስለኛል። ፒያኖ ጣት ሲያርፍበት ይጮህና ወዲያው መክሰም ይጀምራል፤ አንዴ ከተመታ በኋላ ተጫዋቹ ድምፁን ሊያሳድገው አይችልም። አኮርዲዮን ግን ወናፉ እስከተሳበ ድረስ ድምፁን ይዞ ይቆያል፤ ግራ ክንድ ጠበቅ ሲያደርገው ይወፍራል፣ ላላ ሲያደርገው ይቀጥናል። የእኛ አገር ዘፋኝስ ምን ያደርጋል? አንዷን ድምፅ ይዞ ያስረዝማታል፣ ያንቀጠቅጣታል፣ ወደ ቀጣይዋ ሲሻገርም በመሃል ያሉትን እየዳበሰ ነው የሚያልፈው። የኃይሉ እጅ መጀመሪያ የለመደው ትንፋሽ ያለውን መሣሪያ ነውና በኋላ ኦርጋን ፊት ሲቀመጥም፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖ ፊት ሲቀመጥም ያንኑ የዘፋኝ ጉሮሮ ይዞ ተቀመጠ። ቀኝ እጁን ብቻ ለይታችሁ ስሙት፤ ግጥም የሌለው ዘፈን ነው።

አሁን ደግሞ ወደ አሜሪካ ብቅ እንበል፣ ወዲያው እንመለሳለን። አሜሪካኖቹ «ሶል ጃዝ» የሚሉት ሙዚቃ ሥሩ የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ነው። ጂሚ ስሚዝ የሚባል የፔንሲልቬንያ ሰው በ1950ዎቹ ሃመንድ ኦርጋንን ከጃዝ ዋና ዋና መሣሪያዎች አንዱ አደረገው፤ እሁድ ጠዋት ምእመኑን የሚያስነሣው ኦርጋን ቅዳሜ ማታ በክለብ ውስጥ መንፈሱን ሳይለቅ ያስጨፍር ጀመር። ኃይሉም ጂሚ ስሚዝን ይሰማ ነበር።

እኛ ዘንድ ግን የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የምታውቀው ከበሮ፣ ጸናጽልና መቋሚያ ነው፤ ኦርጋን አታውቅም። ስለዚህ ኦርጋን አዲስ አበባ ሲደርስ የጸሎት ትዝታ አልነበረውም። አሜሪካዊው ኦርጋኒስት ከቤተ ክርስቲያኑ የሚቀዳውን ነፍስ ኃይሉ ከየት ይቅዳ? ከሠርግ ቤት ቀዳ። ከሽለላ፣ ከፉከራ፣ ከእስክስታ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ቀዳ። የእኛ ሶል ጃዝ ከዚያኛው የሚለይበት ትልቁ ነገር ለእኔ ይሄ ነው፤ በቅጂና በፈጠራ መካከል ያለው ድንበርም እዚህ ጋ ነው።

ሒልተን አዲስ አበባ በ1969 ተከፈተ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የዋሊያስ ባንድ እዚያ ሥራ ያዘ፤ ስሙን ያገኘው ከሰሜን ተራሮቻችን ዋልያ ነው። ይህ ባንድ አንድ ልዩ ነገር ነበረው። በዚያ ዘመን የሙዚቃ መሣሪያው አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ ባለቤት ንብረት ነበር፤ ሙዚቀኛው ከባለቤቱ ቢጣላ ባዶ እጁን ይወጣል። ዋሊያሶች ግን የራሳቸውን መሣሪያ ገዙ። ዛሬ ቀላል ነገር ይመስላል። ያኔ ግን ምን እንደሚጫወቱና የት እንደሚጫወቱ የሚወስኑት ራሳቸው ሆኑ ማለት ነው። በ1973 ታላቁ ዱክ ኤሊንግተን ኦርኬስትራውን ይዞ አዲስ አበባ መጥቶ፣ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ኒሻን ተቀብሎ ሄደ። ከተማዋ ለጃዝ ጆሮዋ የተከፈተ ነበር ማለቴ ነው።

ከዚያ 1974 መጣ። ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ ወጣ፣ ሰዓት እላፊ ታወጀ።

እናንተ በከተማዋ በሮች ላይ ያላችሁ ሰዎች ይህን ከማንም በላይ ትረዱታላችሁ። ሰዓት እላፊ ሲሆን ኬላው ይዘጋል፤ ከአስኮ ወዲያ፣ ከእንጦጦ ጀርባ የሚሄድ መኪና የለም። ክለብ ውስጥ ያለም ሰው እንደዚያው ነው፤ እኩለ ሌሊት ካለፈ ወደ ቤቱ የሚሄድበት መንገድ የለም። በሩ ይዘጋል፣ እንግዳው ውስጥ ያድራል፣ ባንዱም ጎሕ እስኪቀድ ይጫወታል። አንድ ዜማ በአምስት ደቂቃ አልቆ ወደ ሌላው የሚታለፍበት ምሽት አይደለም። ሌሊቱ ረጅም ነው፤ ዜማውም ይረዝማል። ቤዙ ያችኑ ሐረግ ይደጋግማል፣ ከበሮው ይጸናል፣ ኦርጋኑ ከላይ ሆኖ እየዞረ፣ እየተመለሰ፣ አንድ ነገር እየጨመረ ይሄዳል። የዚያን ዘመን የዋሊያስ ሙዚቃ ስትሰሙ የሚይዛችሁ ያ የማይቸኩል አካሄድ የመጣው ከየት ይመስላችኋል? እኔ የተዘጋው በር ያስተማራቸው ይመስለኛል።

በዚያ ላይ ግጥም አደገኛ ነበር። ዘፈን ሲወጣ ቃሉ ለሳንሱር ይቀርባል፤ ፍቅር ያልከው ሌላ ትርጉም ይሰጠውና መዘዝ ያመጣል። ቃል የሌለውን ዜማ ግን ማን ይመረምረዋል? ኦርጋን «ወገኔ» ብሎ ቢያለቅስ ለማን እንዳለቀሰ የሚያውቀው አድማጩ ብቻ ነው።

እንግዲህ በ1977፣ ቀይ ሽብር አዲስ አበባን ባስጨነቀበት፣ እናቶች አስከሬን ፍለጋ በሚንከራተቱበት ዓመት፣ «ቼ በለው» የሚባል ሸክላ ወጣ። ያወጣው ብዙዎቻችሁ ዓሊ ታንጎ ብላችሁ የምታውቁት ዓሊ አብደላ ካይፋ ነው፤ በካይፋ ሪከርድስ። መሪው ኃይሉ መርጊያ፣ ባንዱ ዋሊያስ፣ ዘፋኙ ግን የለም። በዘፋኝ ስም ሸክላ በሚሸጥበት አገር፣ በሞት ዘመን፣ ሙዚቀኞች ብቻቸውን ፊት ወጡ። ሙላቱ አስታጥቄም ቫይብራፎኑን ይዞ አብሯቸው ገብቷል።

ርዕሱ የሆነውን ዜማ እናንተ ሱሉልታዎች አታጡትም። ፈረስ የሚጋልብ ሰው ያለበት አገር ሁሉ ያውቀዋል። በጥምቀት ሰሞን ሜዳው ላይ ጉግስ ሲጫወቱ ያየ ሰው ፈረሱ መሬቱን ሲደበድብ የሚሰማውን አደራረግ በልቡ ይዞታል። ኃይሉና ጓደኞቹ ያንን የአባት የአያት ዜማ አንሥተው በኤሌክትሪክ መሣሪያ አስጋለቡት።

እዚያው ሸክላ ላይ «ሙዚቃዊ ስልት» የሚባል አለ። እሱን የደረሰው ግርማ በየነ ነው፤ ፒያኒስት፣ አቀናባሪ፣ ዘፋኝም ጭምር። «ሙዚቃዊ ስልት» ላይ ቤዙና ጊታሩ አንዲት ነገር እያጠነጠኑ ይቆያሉ፤ ሳክስፎንና ትራምፔቱ አጭር ሐረግ ወርወር አድርገው ዝም ይላሉ፤ ኦርጋኑ በዝምታው ውስጥ ይገባል። ዋናው ነገር ዝምታው ነው። ማንም ማንንም አይረግጥም፤ እያንዳንዱ ለጓደኛው ቦታ ይለቃል። ይህች ዜማ አዲስ አበባ አልቀረችም። በ1998 ኒው ዮርክ ላይ ዘ ዳክታሪስ የሚባሉ ሰዎች ቀድተዋታል፤ ከዚያም ወዲህ በየአገሩ ያሉ ባንዶች ተቀባብለዋታል። የሱሉልታ ልጅ ጆሮውን ሰጥቶ የማያውቃትን ዜማ የብሩክሊን ልጅ በልቡ ይዟታል።

በ1978 ደግሞ ኃይሉ ጊዮን ሆቴል ይጫወት ከነበረው ከዳህላክ ባንድ ጋር «ወደ ሐረር ጉዞ»ን ቀዳ። ይሄኛው በካሴት ነው የወጣው፤ የሸክላ ዘመን እያለቀ ነበርና።

በ1981 ዋሊያሶች አሜሪካ ሄዱ። ትልቅ ተስፋ ይዘው ነበር የሄዱት። ያዩት አድማጭ ግን በአብዛኛው በስደት ያለ የራሳቸው ወገን ነበር፤ አሜሪካኖቹ አላወቋቸውም። ጉዞው ሲያበቃ ግማሾቹ ወደ አገር ተመለሱ፤ ኃይሉ፣ ግርማ በየነ፣ ሳክስፎን ተጫዋቹ ሞገስ ሀብቴና ቤዚስቱ መላኬ ገብሬ ዋሽንግተን አካባቢ ቀሩ። የሒልተኑ ባንድ በዚሁ ለሁለት ተከፈለ።

ኃይሉ በ1985 እዚያው ዋሽንግተን ውስጥ አንዲት አነስተኛ ስቱዲዮ ገባ። ባንድ የለውም። ወደ አኮርዲዮኗ ተመለሰ። ኤሌክትሪክ ፒያኖና ሲንተሳይዘር አሰለፈ፣ ለከበሮ ማሽን አስነሣ፣ ሁሉንም ለብቻው ተጫወተና አንዱን በአንዱ ላይ ደረበው። ካሴቱን «ሸሞንሟናዬ» አለው። «ሰውነቷ»፣ «ላሎዬ»፣ «ወገኔ»፣ «አምባሰል»፣ «ሽለላ»፤ እነዚህ ሁሉ በውስጡ አሉ። ስሙትና ፍረዱ፤ ማሽኑ ደረቅ ሆኖ ይቆጥራል፣ አኮርዲዮኗ ደግሞ ከላዩ ሆና እንደ ሰው ትተነፍሳለች። በልጅነቱ የተማራት መሣሪያ በስደት ብቻውን ሲቀር ያልተለየችው ናት። ከሥራዎቹ ሁሉ አንዱን ብቻ ስሙ ብባል ይሄንን ነው የምሰጣችሁ።

ካሴቱ ኢትዮጵያ ገባ፣ ተሸጠ፣ ተባዛ። ያኔ ካሴት እንዴት ነበር የሚሄደው? ከመርካቶ በአውቶቡስ። በሰበታ በኩል ጅማ ይወርዳል፣ በቡራዩ በኩል አምቦና ነቀምቴ ይዘልቃል፣ በሱሉልታ በኩል አባይ በረሃን ተሻግሮ ጎጃም ይገባል። በእናንተ ደጅ ሳያልፍ ወደነዚህ አገሮች የሚሄድ ነገር አልነበረም። ሾፌሩ እየሰማው ይሄዳል፣ ቴፑ እስኪልከሰከስ ይደጋግመዋል። ሽፋኑ ይጠፋል፤ ስሙም አብሮ ይጠፋል። ዜማው ብቻ ይቀራል።

ኃይሉ ግን በዚያ ማዶ ኑሮ አለበት። ከጓደኞቹ ጋር ዙላ የሚባል ባንድ መሥርቶ የሐበሻ ክለቦች ውስጥ ትንሽ ተጫወተ፤ ከዚያ መድረኩን ተወና ታክሲ መንዳት ጀመረ። ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር የሚሠራው፤ ዋሽንግተን ዘመድ ያለው ሰው ስሙን ሰምቶታል። ታክሲዎቹ ተሰልፈው ተራ ይጠብቃሉ። ሌላው ሾፌር ጋዜጣ ያነብባል፣ ቡና ይጠጣል፣ ያንቀላፋል። ኃይሉ ወርዶ ሻንጣ ማስቀመጫውን ይከፍታል፣ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርዱን ያወጣል፣ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ይለማመዳል። ተራው ሲደርስ ይዘጋዋል። ተሳፋሪውን ያደርሳል። ተመልሶ ተራ ይይዛል፤ ኪቦርዱም እንደገና ይወጣል። ማን ይሰማኛል ብሎ አይደለም፤ የሚጠብቀው መድረክ አልነበረምና። እናንተ አስኮና አዲሱ ገበያ ላይ ተራ የምትጠብቁ ሾፌሮች፣ ይህን ነገር ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ያች ተራ የመጠበቂያ ሰዓት እንዴት ሰው እንደምትበላ። ኃይሉን አልበላችውም።

አሁን ወደ ባሕር ዳር። ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ አለ፤ የአፍሪካን ካሴቶች እየፈለገ፣ ባለቤቶቻቸውን እያፈላለገ፣ በስምምነት እንደገና የሚያሳትም። ይህ ሰው ባሕር ዳር ውስጥ ካሴት ሲያገላብጥ «ሸሞንሟናዬ»ን አገኘ። በሱሉልታ መንገድ ጎጃም ከወረዱት ካሴቶች አንዱ ተደርድሮ ይጠብቀው ነበር። ኃይሉን አፈላልጎ አገኘው፤ በ2013 ካሴቱ በሸክላና በሲዲ እንደገና ታተመ። በ2014 «ቼ በለው» ተከተለ፣ በ2016 «ወደ ሐረር ጉዞ»። የታክሲ ሾፌሩ በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች ላይ ይጫወት ጀመር። አንዳንድ ሰው ይህን ሲያወራ ፈረንጁ ሰውየውን «እንዳገኘው» አድርጎ ያወራል። ካሴቱን ማግኘቱ እውነት ነው፤ ምስጋናም ይገባዋል። ኃይሉ ግን ጠፍቶ አያውቅም። በየቀኑ ይለማመድ ነበር፤ ጣቱ ዝግጁ ባይሆን ኖሮ የድሮ ካሴት ማሳተም የድሮ ካሴት ማሳተም ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር።

ለዚህ ማስረጃው በ2018 የወጣው «ላላ በሉ» ነው። ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላ፣ ከአንድ ቤዚስትና ከአንድ ከበሮ መቺ ጋር ብቻ ሆኖ የሠራው አዲስ አልበም። «ትዝታ»ን ይከፍትና አይቸኩልም፤ አኮርዲዮኗን ያስቀድማል፣ ከዚያ ወደ ኪቦርዱ ይሻገራል፣ ቀስ እያለ ያሞቀዋል። «አንቺ ሆዬ ለኔ» አለ፣ «ጉም ጉም» አለ። መጨረሻ ላይ «የፍቅር እንጉርጉሮ» ይመጣል፤ ቤዝም የለ፣ ከበሮም የለ፣ ኃይሉና ፒያኖው ብቻ። ፒያኖ ድምፅ አይዝም ብያችሁ ነበር። እዚህ ላይ እየከሰመ ያለውን ድምፅ አይሸሸውም፤ እስኪያልቅ ይጠብቀውና የሚቀጥለውን በቦታው ያኖራል።

በ2020 ደግሞ «የኔ ምርጫ» ወጣ። በዚህኛው ላይ ለእናንተ የሚቀርቡ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ «አቢቹ ነጋ ነጋ» ነው፤ የሸዋ ኦሮሞ ዜማ፣ በእናንተው አካባቢ በሠርጉም በበዓሉም የሚሰማ። ሁለተኛው «ሸመንደፈር» ነው፤ ባቡር ማለት ነው። የጅቡቲው አዲስ ሐዲድ የሚነሣው ከሰበታ ነውና የሰበታ ሰው ይህችን ቢያስከፍት ያምርበታል።

ግርማ በየነስ? ግርማ ለብዙ ዓመታት ሙዚቃን ተወ። አሜሪካ ውስጥ ማን መሆኑን የሚያውቅ በሌለበት ሥራ ሠርቶ ኖረ፤ ከዚያ ወደ አገሩ ተመለሰ። በ2017 አካሌ ውቤ ከሚባል የፈረንሳይ ባንድ ጋር አልበም አወጣ፤ የድሮ ዜማዎቹን በራሱ ድምፅ መልሶ ዘፈናቸው። የፈረንሳይ ባንድ የአማርኛ ስም ይዞ የግርማን ዜማ ሲያጅብ መስማት ደስ ያሰኛል። ያሳዝናልም፤ እዚህ ያሉት የእኛ ልጆች ናቸው ቀድመው ደጁን ማንኳኳት የነበረባቸው።

የዋሊያስ ሰዎች ስም አንድ ላይ ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም፤ ዘፋኝን የሚያስተዋውቅ ሰው «በዋሊያስ ባንድ ታጅቦ» ብሎ ያልፈዋል። እኔ አላልፈውም። ሬዲዮ ላይ የዋሊያስ ዜማ ሲለቀቅ የምትሰሟቸው እነዚህ ናቸው፦ ኦርጋኑ ላይ ኃይሉ መርጊያ። ፒያኖው ላይ ግርማ በየነ። ቤዙን የያዘው መላኬ ገብሬ። ጊታር ማህሙድ አማን። ከበሮው ላይ ተማረ ሐረጉ። ትራምፔት ዮሐንስ ተኮላ። ሳክስፎን ሞገስ ሀብቴና አበበ ካሳ። «ቼ በለው» ላይ ደግሞ፣ በቫይብራፎን፣ ሙላቱ አስታጥቄ።